የባቡር ሲግናል ጥገና ባለሙያ፦ ከአዋሽ ሐዲድ እስከ ሳንጃ ቆላ

የባቡር ሲግናል ጥገና ባለሙያ አንድ ባቡር ሌላ ባቡር በያዘው ሐዲድ ላይ እንዳይገባ የሚከለክሉትን መሣሪያዎች የሚጠብቅ ሰው ነው። ከመስመሩ ዳር የቆሙት መብራቶች፣ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት መቀያየሪያዎች፣ ሐዲዱ ላይ ባቡር መኖር አለመኖሩን የሚለዩት የኤሌክትሪክ ዑደቶች፣ ከመሬት በታች የተቀበሩት ኬብሎች፣ ባትሪዎቹና ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው የጣቢያው መሣሪያ ክፍል በእሱ ኃላፊነት ሥር ናቸው። ባቡር አይነዳም፤ ሐዲድ አያነጥፍም፤ ስምሪትም አይሰጥም። ነጂውና የስምሪት ሠራተኛው ግን ሌሊቱን የሚያሳልፉት እሱ «ደህና ነው» ብሎ በፈረመበት መሣሪያ ተማምነው ነው።

ባቡር መሪ የለውም። ከፊቱ አደጋ ቢያይ ወደ ጎን መሸሽ አይችልም፤ ብረት በብረት ላይ ስለሚንከባለልም ፍሬን ቢያዝ ቶሎ አይቆምም። በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር እስከ 3,500 ቶን የሚጎትት የጭነት ባቡር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ብዙ መቶ ሜትሮች ይጓዛል። የፊት መብራቱ ያን ያህል አርቆ ስለማያሳይ ነጂው አይቶ ለማቆም ጊዜ የለውም፤ መንገዱ ነፃ መሆኑን አስቀድሞ የሚነግረው ነገር ያስፈልገዋል። መፍትሔው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አንድ ነው፦ መስመሩ በክፍሎች ይከፋፈላል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ አይገባም።

በኢትዮጵያ ይህ ሕግ ለረጅም ዘመን የተጠበቀው በሰው ቃል ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፣ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የቀድሞው ምድር ባቡር ነጠላ መስመር ነበር። አንዱ የጣቢያ ኃላፊ ቀጣዩን ጣቢያ በሽቦ ይጠይቃል፤ መንገዱ ነፃ መሆኑ ሲነገረው ባቡሩን ይለቃል። ጠያቂና መላሽ እስከተግባቡ ድረስ ዘዴው ይሠራል። የተለቀቀው ባቡር በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ግን ከነጂው በቀር የሚያውቅ የለም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባለ ጠመዝማዛ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ያልቀነሰ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባና 428 ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ የከፋው እንደሆነ ይነገራል። ሁለት ባቡሮች አልተጋጩም፤ ነጂው ፍጥነት ሳይቀንስ ሲቀር ባቡሩን የሚያስቆመው መሣሪያ ግን አልነበረም።

ዛሬ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሐዲዱ ራሱ ነው። አሜሪካዊው ዊሊያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የሐዲድ ዑደት እስካሁን በመላው ዓለም ይሠራል። የአንዱ ክፍል ሐዲድ ኮረንቲ በማያስተላልፍ መጋጠሚያ ከጎረቤቱ ይለያል። በአንደኛው ጫፍ አነስተኛ ኮረንቲ ይሰጠዋል፤ በሌላው ጫፍ ኮረንቲ ሲያገኝ የሚሳብ መሣሪያ፣ ሪሌይ፣ ይገጠማል። ኮረንቲው በአንዱ ሐዲድ ሄዶ፣ ሪሌዩን ስቦ፣ በሌላው ሐዲድ ይመለሳል። ሪሌዩ እንደተሳበ ከቆየ ክፍሉ ነፃ ነው። ባቡር ሲገባ የብረት መንኮራኩሮቹና አክስሉ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛሉ፤ ኮረንቲው በአጭሩ መንገድ ያቋርጣል፤ ሪሌዩ በራሱ ክብደት ይወድቃል፤ ከኋላ ያለው መብራት ቀይ ይሆናል።

የዚህ ዘዴ ብልሃት ያለው በአበላሸቱ ላይ ነው። ባትሪው ቢሞት፣ ሽቦ ቢበጠስ፣ ሐዲዱ ቢሰበር፣ ሌባ ገመድ ቆርጦ ቢወስድ ውጤቱ አንድ ነው፦ ሪሌዩ ይወድቃል፤ መብራቱ ይቀላል። መሣሪያው ሲታመም ባቡርን ያስቆማል እንጂ አያሳልፍም። ሲግናል ሁሉ የሚሠራው በዚህ መርህ ነው፤ የጥገና ባለሙያውም የሚመዘነው ይህን መርህ ባለማፍረሱ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪን የሚያማርረው መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ የደህንነቱ ማስረጃ ነው፤ መንገደኛውን ግን ይህን ለማሳመን መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ከሐዲዱ ዑደት ቀጥሎ የባለሙያውን ጊዜ የሚበላው መቀያየሪያው ነው። ጫፋቸው የሾለ ሁለት ተንቀሳቃሽ ሐዲዶች በኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይገፋሉ፤ ከቋሚው ሐዲድ ጋር ከተለጠፉ በኋላ ይቆለፋሉ። የሾለው ሐዲድ በደንብ ሳይለጠፍ ባቡር ከደረሰበት መንኮራኩሩ ክፍተቱ ውስጥ ገብቶ ባቡሩ ከሐዲዱ ሊወጣ ይችላል። በጣቢያው ክፍል ያለው መቆላለፊያ ደግሞ መቀያየሪያዎቹንና መብራቶቹን ያስተሳስራል። መንገዱ ካልተቆለፈ አረንጓዴ አይበራም፤ አረንጓዴ ከበራ በኋላም መቀያየሪያው አይንቀሳቀስም። ድሮ በብረት ዘንጎች፣ ቀጥሎ በሪሌዮች፣ አሁን በኮምፒውተር ይሠራል፤ ሕጉ ግን ያው ነው።

በቆላ ጣቢያ ይህ ሥራ ሐዲዱ ሳይግል በማለዳ ቢጀመር ይመረጣል። ባለሙያዎቹ ብቻቸውን አይወጡም፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ባቡር ይጠብቃል። መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ጣቢያው መዝገብ ነው። የትኛው መሣሪያ፣ ለምን ሥራ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያዝ ይጻፋል፤ ይፈረማል። ከዚያ በሬዲዮ ንግግሩ ይጀመራል።

«ጣቢያ፣ ሦስት ቁጥር መቀያየሪያን ለጥገና እንዲሰጡን።»

«ሦስት ቁጥር መቀያየሪያ ለጥገና፤ ከ1:10 እስከ 1:40። ይድገሙልኝ።»

«ሦስት ቁጥር፤ ከ1:10 እስከ 1:40።»

መደጋገሙ ለማያውቅ ሰው ያሰለቻል። ሦስት ተብሎ ስምንት ከተሰማ ግን ሠራተኛው እጁን የከተተበት ሞተር ሳያስበው ይነሳበታል። ፈቃዱ ሲገኝ የሞተሩ ክዳን ይከፈታል። አቧራው ይጠረጋል፤ የሚንሸራተተው ብረት በቅባት ይታበሳል፤ ብሎኖች በመፍቻ ይፈተሻሉ፤ የኮረንቲው መጠን በመልቲሜትር ይለካል። ቀጥሎ ዋናው ፈተና ይመጣል። በቻይና ደረጃ በሚሠሩ መስመሮች ባለሙያው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሳህን በተንቀሳቃሹና በቋሚው ሐዲድ መካከል ያስገባና መቀያየሪያውን ያስገፋል። መሣሪያው መቆለፍ የለበትም። ከቆለፈ፣ ወይም «ተቆልፏል» የሚል መልእክት ወደ ጣቢያው ከላከ፣ ክፍተቱን አላየውም ማለት ነውና እስኪስተካከል ድረስ ለባቡር አይመለስም። በ2 ሚሊ ሜትር ሳህን ደግሞ መቆለፍ አለበት፤ ካልቆለፈ ትንሽ ጠጠር በገባ ቁጥር ትራፊኩ ይቆማል። አንድ ሳህን ከከለከለ፣ ሌላው ካስቆለፈ በኋላ መቀያየሪያው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሞከራል፤ ጣቢያው በስክሪን ያየውና ሠራተኛው ሜዳ ላይ ያየው አንድ መሆኑን ያረጋግጣሉ። ክዳኑ ተዘግቶ፣ መዝገቡ ላይ ሰዓቱ ሰፍሮ ይፈረማል።

የሌሊቱ ሥራ ሌላ ነው። የጣቢያው ስክሪን አንድ ክፍል ባቡር ሳይኖርበት «ተይዟል» ብሎ ቀይ ያሳያል። ባቡሮች በሁለት በኩል ይቆማሉ፤ ስልክ ይደወላል። ጥሩ ባለሙያ ሲደርስ መጀመሪያ መፍቻ አያነሳም፤ ይጠይቃል። ሲበላሽ ባቡር ገና አልፎ ነበር? ዘንቧል? ቀን የሐዲድ ሠራተኞች ጠጠር ሲነካኩ ውለዋል? ከዚያ ችግሩን እየከፈለ ያጠባል። ከምንጩ ጫፍ ይለካል፤ ኮረንቲው እየወጣ ከሆነ ወደ ሪሌዩ ጫፍ ይሄዳል፤ እዚያ ካልደረሰ መሐል ላይ ይለካል፤ እንዲህ እያለ የጠፋበትን ቦታ ያገኛል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቀላል ነው፦ መጋጠሚያው ላይ የተከማቸ የብረት ፍርፋሪ፣ የተበጠሰ ማገናኛ ሽቦ፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ ውኃ የቋጠረ ጠጠር። ማግኘቱ ነው የሚከብደው።

ባለሙያው የሚፈተነው ያኔ ነው። አለቃው ይደውላል፤ ነጂዎቹ ያጉረመርማሉ። ሪሌዩን በአንዲት ቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ መብራቱን አረንጓዴ ማድረግ ደግሞ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ያን ያደረገ ሰው ግን መሣሪያው ባቡር እያየ እንዳላየ እንዲሆን አድርጎታል። በዚህ ሙያ ከዚህ የሚብስ ወንጀል የለም።

ሳይታሰብ የተሠራ ስሕተትም ከዚህ አይተናነስም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1988 በለንደን ክላፋም ጃንክሽን 35 ሰዎች የሞቱት በአንዲት ሽቦ ምክንያት ነው። አንድ ቴክኒሻን መሣሪያ ክፍሉን በአዲስ ሲቀይር የተነሳውን አሮጌ ሽቦ አሳጥሮ አልቆረጠውም፤ ጫፉንም በሚገባ አልሸፈነውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አጠገቡ ሌላ ሥራ ሲሠራ ሽቦው ተነክቶ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰና ሪሌዩን ደግፎ አቆመው። መብራቱ ባቡር እያለ አረንጓዴ ሆነ። ምርመራው የደረሰበት ነገር ግን ከሽቦው አልፏል። ቴክኒሻኑ በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ሥራውን ሌላ ሰው ገለልተኛ ሆኖ አልፈተሸውም፤ ሽቦዎቹም አልተቆጠሩም። ከዚያ ወዲህ ያልሠራው ሰው የሚፈትሽበት ሥርዓትና የሥራ ሰዓት ገደብ ጥብቅ ሆኑ።

በሕንድ ኦዲሻ ግዛት ባላሶር አካባቢ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2023 የደረሰው አደጋ ከ290 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ፈጣኑ ባቡር አረንጓዴ አይቶ ገባ፤ መቀያየሪያው ግን የጭነት ባቡር ወደቆመበት የጎን መስመር ዞሮ ነበር። የባቡር ደህንነት ኮሚሽነሩ ምርመራ ምክንያቱን ያገኘው በመንገድ ማቋረጫ አጠገብ በተደረገ የሲግናል ሽቦ ለውጥና በዕለቱ በተሠራ ጥገና ነው። የቻይናው ዌንዙ አደጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2011 በመብረቅ ጀመረ፤ መሣሪያው ተመትቶ ሳለ ቀይ መሆን የነበረበት አረንጓዴ አሳየ፤ 40 ሰዎች ሞቱ። ሦስቱም አገሮች በቂ ገንዘብና ብዙ መሐንዲስ ነበራቸው።

በኢትዮጵያ ይህ ሙያ በአዲስ መልክ የተተከለው ከአሥር ዓመት ወዲህ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሁለቱ መስመሮቹ በመሐል ከተማ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ የሚገናኙበትና የሚለያዩበት መቀያየሪያ ቢታመም ሁለቱም ይታመማሉ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። በ25,000 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ለሲግናል ባለሙያው ሁለት ነገር ጨምሯል። ከራሱ በላይ ከተዘረጋው ገመድ ቢያንስ 2 ሜትር መራቅ ግዴታው ነው፤ ይህም በእጅ የተያዘ መሰላልንና ዘንግን ይጨምራል። ባቡሩ የተጠቀመበት ኮረንቲም የሚመለሰው በዚያው ሐዲድ ስለሆነ የሲግናሉ ኮረንቲ ከእሱ ጋር እንዳይምታታ በሌላ ድግግሞሽ እንዲሠራ ይደረጋል፤ የባቡሩ ኃይል 50 ኸርዝ በሆነበት በቻይና ደረጃ 25 ኸርዝ የተለመደ ነው።

ይህን መስመር የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ለስድስት ዓመት ያህል አስተዳድረውት ሥራው በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች ተላልፏል። ሐዲድ መረከብ ቀላል ነው። ከባዱ የመሣሪያውን ሥዕል ማንበብ፣ መለዋወጫ ማዘዝ፣ የሌሊቱን ብልሽት ያለ አስተርጓሚ መፍታት ነው። በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከተገዙት 41 ባቡሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመለዋወጫ እጦት ቆመው መታየታቸው ጥገና ከግዢ ጋር አብሮ ካልታሰበ ምን እንደሚከተል አሳይቷል።

በአማራ ክልልም የሚያልፍ ሐዲድ አለ፤ ለዓመታት ግን አገልግሎት ላይ ሳይውል ቆይቷል። በቱርኩ ያፒ መርከዚ የተገነባው፣ 392 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር የተነደፈው በአውሮፓ የባቡር መቆጣጠሪያ ሥርዓት ደረጃ አንድ ነው። በሐዲዶቹ መካከል የተቀመጡ ትናንሽ መሣሪያዎች ለሚያልፈው ባቡር ኮምፒውተር ቀጣዩ መብራት ምን እንደሆነና የሚፈቀደው ፍጥነት ስንት እንደሆነ ይነግሩታል፤ ነጂው ካልታዘዘ ባቡሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል። በ1977 ዓ.ም. አዋሽ ላይ ያልነበረው ይኸው ነው። ግንባታው በኤሌክትሪክ አቅርቦት መዘግየት ቆይቶ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ በዘረፋና በውድመት ተጎዳ። ሥራ ላይ ያልዋለ ሲግናል ደግሞ ባቡር ስላልነካው አዲስ ሆኖ አይቆይም። ባትሪ ይሞታል፤ መገናኛው ይዝጋል፤ ኬብሉ ይሰረቃል።

ወደ ምዕራብ፣ በሱዳን ድንበር በኩል ወዳለው የሳንጃና የመተማ ቆላ የሚወርድ ሐዲድ የለም። በአገሪቱ ምዕራብ ሐዲድ የማሳለፍ ሐሳብ ግን አሮጌ ነው። ምኒልክና እንግሊዝ በግንቦት 1894 ዓ.ም. የሱዳንን ወሰን በተፈራረሙበት ውል ከአንቀጾቹ አንዱ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ግዛት እንዲያልፍ ይፈቅድ ነበር፤ አልተሠራም። ከድንበሩ ከተማ ከገላባት ማዶ ያለችውን ገዳሪፍን ግን የሱዳን ባቡር ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያውቃታል። በእኛ ዘመን የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የብሔራዊ መረብ ዕቅድ ወረታ–አዘዞ–መተማ የሚል መስመር አካቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የአፍሪካ ልማት ባንክ ኢትዮጵያን ከሱዳን ለሚያገናኘው ባቡር የአዋጭነት ጥናት 1.2 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ የሱዳን ጦርነት ተነሳ።

ያ መስመር አንድ ቀን ከተዘረጋ ለሲግናል ባለሙያው ከአዋሽ ሜዳ የሚቀል አይሆንም። በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሐዲድ ራሱ ከአየሩ ይበልጥ ይግላል፤ በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ያልታሰረ አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የታሰረ ሐዲድ ደግሞ መርዘም ስለማይችል ይገፋል፤ ግፊቱ መቀያየሪያው ጋ ሲደርስ የማለዳዋን 4 ሚሊ ሜትር ያዛባታል። ዋልካው መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፤ የመብራቱን ምሰሶ ያዘመማል፣ የተቀበረውንም ኬብል ይጎትታል። ጠጠሩ ውስጥ ውኃ ሲተኛ ኮረንቲው ከሐዲድ ወደ ሐዲድ ይሾልካል፤ ባቡር ሳይኖር ቀይ ይበራል። ምስጥ የኬብሉን ልባስ ይበላል። የክረምቱ መብረቅ በዌንዙ ያደረገውን እዚህ እንዳያደርግ የመሬት ማስገቢያው ሽቦ በየዓመቱ ከዝናብ በፊት መለካት አለበት፤ ሽቦው መዳብ ነውና ሌባም ይፈልገዋል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበው የመንገድ ማቋረጫው ነው። ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት ትራክተር፣ አይሱዙና በሺህ የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ወደ እርሻ ካምፖች ይጎርፋል። ከብቱም በዚያው ያልፋል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በአፋርና በሶማሌ ሜዳ ከእንስሳት ጋር ያለበት ግጭት ባለሙያው ብቻውን የሚፈታው እንዳልሆነ ታይቷል፤ የማቋረጫው ደወልና መዝጊያ ቢሠራም እረኛው ካላመነበት ዋጋ የለውም። የትኛውም የጥገና መመሪያ የማይጽፈው አደጋ ደግሞ አለ፦ ካላዛር። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር ትራባለች፤ ሌሊት ብልሽት ሲፈልግ ቆይቶ ግራር ሥር የሚያሸልብ ቴክኒሻን ከወባው ጋር እሷንም ማሰብ አለበት።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው የኤሌክትሪክ ሥዕል የሚያነብ፣ ሙቀት የሚችል፣ የአካባቢውን አፈርና የአካባቢውን ሰው የሚያውቅ፣ ተቆጥቶ የደወለውን አለቃ «ገና ነው» ለማለት የሚደፍር ነው። ሥዕል ማንበቡ በሦስት ዓመት ኮሌጅና በሁለት ዓመት ልምምድ ሊገኝ ይችላል፤ የመጨረሻውን ግን ትምህርት ቤት አያስተምረውም፣ ከአንጋፋ ጋር በሌሊት በመውጣት ይለመዳል። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የአፍሪካ የባቡር ልህቀት ማዕከል መሐንዲሶች ያሠለጥናል፤ ሜዳ የሚወጣው ቴክኒሻን ግን በየመስመሩ መገኘት አለበት። አንጋፋዎቹ ዛሬ ያሉት በአዋሽ፣ በአዳማና በድሬዳዋ ነው። ስለዚህ የወረታ–አዘዞ–መተማ መስመር ጥናት ከመሳቢያ ሲወጣ፣ የሐዲዱ ርዝመት በሚጻፍበት ገጽ ላይ ከሳንጃ፣ ከገንዳ ውኃና ከመተማ ዮሐንስ ተመልምለው ቢያንስ አምስት ዓመት ቀድመው ወደ አዋሽ የሚላኩ ወጣቶች ቁጥርም ይጻፍ።